ጥያቄ አለኝ፦ የስኪ ዕቃ ስትከራዩ ኪሏችሁን አትደብቁ

ባለፈው ወር «በረዶ ተራራ ወጥታችሁ ስኪ (በሁለት ረጃጅም ሰሌዳዎች በረዶ ላይ መንሸራተት) ወይም ስኖውቦርድ (በአንድ ሰፊ ሰሌዳ) ልትሞክሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ይጽፍልኛል ብዬ ስጠብቅ የመልእክት ሳጥኑ ሞልቶ አገኘሁት። የሚገርመው፣ ስለ ቁልቁለቱ የጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም የተጨነቀው ስለ ዕቃው ነው። ልክ ናችሁ። የመጀመሪያው ቀን የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ተራራው ላይ አይደለም፤ አከራዩ ባንኮኒ ፊት ነው፣ ገና በረዶ ሳትረግጡ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ጠቅልዬ እነሆ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ለአራት ቀን በረዶ ተራራ ልንሄድ ነው። ከስድስታችን ስኪ ነክቶ የማያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አንዷ «ሁሉንም ግዢ፣ የሰው ጫማ አይደረግም» ትለኛለች። ሌላው «ሞኝ አትሁኚ፣ ሁሉም ይከራያል» ይለኛል። ስኪ ይሻላል ስኖውቦርድ በሚለውም ተጨቃጭቀው አልጨረሱም። ምን ልከራይ? የት ልከራይ? ምን ልግዛ? (ግራ የገባኝ)

መልስ፦ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። እኔ የምለየው እንዲህ ነው፤ ጠንካራውንና ከባዱን ተከራዪ፣ ቆዳሽን የሚነካውን ግዢ። ስኪው፣ ጫማው፣ ዱላዎቹና ሄልሜቱ ይከራያሉ። ካልሲ፣ ጓንት፣ ከውስጥ የሚለበሰው ስስ ልብስና መነጽር የራስሽ ይሁኑ። ጃኬትና ሱሪ እንኳ የሚያከራዩ አሉ። ካልተገኘም ውሃ የማያስገባ ጃኬት ካለው ሰው ተዋሺ እንጂ ለአራት ቀን ብለሽ ውድ ዕቃ ውስጥ አትግቢ።

መነጽሩ ላይ ግን አትሳሺ። የኪራይ መነጽር መስተዋቱ የተቧጨረ፣ ስፖንጁ የሌላ ሰው ላብ የጠጣ ነው። ዓይን ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፣ አዲስ የወረደ በረዶ ደግሞ ካረፈበት ጨረር እስከ 80 ከመቶውን መልሶ ወደ ላይ ይተፋዋል። ፀሐይዋ ከላይም ከታችም ናት ማለት ነው። መነጽሩ ላይ ከ0 እስከ 4 የሚል ደረጃ ታገኛለሽ። 3 ብርሃን የሚያሳልፈው ከ8 እስከ 18 ከመቶ ብቻ ስለሆነ ለጠራራ ፀሐይ ነው። 1 ለጉምና ለደመና ነው። አንድ ብቻ የምትገዢ ከሆነ 2 ያዢ፣ ለሁሉም ያስኬድሻል።

ስኪ ወይስ ስኖውቦርድ? አራት ቀን ብቻ ካለሽ ስኪ። ሁለቱ እግሮችሽ ለየብቻ ናቸው፣ ፊትሽ ወደምትሄጂበት ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ላይ ቀስ እያልሽ መቆምና መዞር ትጀምሪያለሽ። ስኖውቦርድ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መሬት ተቀምጦ መነሳት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ይፈጥናል ይላሉ ወዳጆቹ፣ እውነታቸውንም ነው። አንቺ ግን «ከዚያ በኋላ» የሚባለው ሲመጣ ሻንጣሽን እያዘጋጀሽ ነው።

የት ልከራይ ላልሽው ደግሞ፣ ለጀማሪ ተራራው ሥር ያለው ሱቅ ይሻላል። ከተማ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ነገር ግን ጫማው እኩለ ቀን ላይ አላስቆም ሲልሽ ማን ይቀይርልሻል? ቀድመሽ አስይዢ፣ ዕቃውን ግን ከሚቀጥለው ቀን ጠዋት ይልቅ በዋዜማው ከሰዓት ውሰጂ። ጠዋት ሁሉም ሰው እዚያ ነው፣ ሠራተኛውም ለአንቺ ሦስት ደቂቃ የለውም። ከቀረቡልሽ ደረጃዎች የጀማሪውን ምረጪ። ውዱ የተሻለ ስለሆነ አይደለም የሚወደደው፤ ብዙውን ጊዜ ጠንካራና ለፍጥነት የተሠራ ነው፣ ላንቺ እንቢተኛ በቅሎ ይሆንብሻል። ስኪው ቆመሽ ስትለኪው አገጭሽ ላይ ወይም አፍንጫሽ ድረስ ቢደርስ ይበቃል። አጭር ስኪ በቀላሉ ይዞራል።

ጥያቄ፦ አምና ለመጀመሪያ ጊዜ የስኪ ጫማ ተከራየሁ። የዘወትር ቁጥሬ 43 ነው። ጠበበኝና 44 አስቀየርኩ፣ እሱም ጠበበኝና 45 ወሰድኩ። እንዳይበርደኝም ሁለት ካልሲ ደረብኩ። ከሰዓት ላይ እግሬ ደነዘዘ፣ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ፣ ቅልጥሜን ፊት ለፊት ቀጠቀጠኝ። ዘንድሮ 46 ልሞክር ወይስ የራሴን ልግዛ? (እግሬ የከዳኝ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ 46 ብትወስድ የተረፈውንም ጥፍር ትሰናበተዋለህ። ጫማው ጠቦህ አይደለም የተጎዳኸው፤ ሰፍቶህ ነው። ይህን ስል ሁሌም ሰው የሚያሾፍበት ይመስለዋል፣ እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

ሰፊ ጫማ ውስጥ እግር ይንሸራተታል። ቁልቁል ስትወርድ ወደፊት ሄዶ ጣትህ ከፕላስቲኩ ጋር ይጋጫል፣ ጥፍርህ የጠቆረው በዚህ ነው። እግርህ አልረጋ ሲልህ ዘለበቶቹን ታጠብቃለህ። ዘለበቱ የእግርህን ጀርባ ይጫነዋል፣ ደም አይዘዋወርም፣ እግርህ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎም ይቀዘቅዛል። «በረደኝ» ብለህ ሁለተኛ ካልሲ ስትደርብ ይብስበታል፣ ምክንያቱም ካልሲ በካልሲ ላይ ይጨማደዳል፣ ጨርቁም ደሙን ጭምር ያፍናል። ላዩ ባትህ አካባቢ ስላልያዘህ ደግሞ ቅልጥምህ በየመታጠፊያው ከጫማው ምላስ ጋር ይማታል። አየህ፣ አራቱም ሕመም የመጣው ከአንዲት ነገር ነው።

የስኪ ጫማ በ43 እና 44 አይለካም። ሞንዶፖይንት በሚባል መለኪያ ነው፣ እሱም ሌላ ነገር አይደለም፣ የእግርህ ርዝመት በሴንቲሜትር ነው። ቤትህ ተረከዝህን ግድግዳ አስደግፈህ ወረቀት ላይ ቁም፣ ረጅሙ ጣትህ ጫፍ ላይ ምልክት አድርግ፣ በማስመሪያ ለካ። ሁለቱንም እግር ለካ፣ እኩል ላይሆኑ ይችላሉና። 43 የሚያደርግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 27 ወይም 27.5 አካባቢ ይወጣል። ባንኮኒው ላይ «43 ነኝ» ሳይሆን «27 ተኩል» ብለህ ተናገር። ሠራተኛው ቀና ብሎ ያይሃል። በነገራችን ላይ የብዙዎቹ ጫማዎች ግማሽ ቁጥር በውጭው ፕላስቲክ ላይ ልዩነት የለውም፤ 27 እና 27.5 አንድ ቅርፊት ናቸው፣ የሚለየው የውስጡ ነው።

አሁን ወደ መሞከሩ። ተቀመጥ፣ ዘለበቶቹን ሁሉ ፍታ፣ ምላሱን ወደ ውጭ ሳብ አድርገህ እግርህን አስገባ። ተረከዝህን መሬት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርግ፣ ወደ ኋላ ኪሱ ውስጥ ይገባልሃል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚትህ ላይ ያለውን ዘለበት እሰር፣ ከዚያ የላዩን፣ የጣቶቹን በመጨረሻ ለስለስ አድርገህ። ተነስተህ ቀጥ ብለህ ስትቆም ጣቶችህ ከፊት ይነካሉ። እዚህ ላይ ነው ሁሉም ሰው «ጠበበኝ!» ብሎ የሚጮኸው። አንተም አምና እዚህ ላይ ነው የጮኽከው። አትቸኩል። ጉልበትህን አጥፈህ ቅልጥምህን ምላሱ ላይ ተጫን። ጣቶችህ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ስኪ የሚነዳው በዚህ አቋቋም ስለሆነ ልክህ የሚታወቀውም በዚህ ነው። ተረከዝህ ሲነሳ ከተሰማህ አሁንም ሰፊ ነው ማለት ነው።

የምትጠራጠር ከሆነ ገበሩን (የውስጡን ለስላሳ ክፍል) አውጥተህ ባዶ ቅርፊቱ ውስጥ እግርህን ክተት፣ ጣቶችህን ፊት አስነካና ከተረከዝህ ኋላ ያለውን ክፍተት በጣት ለካ። አንድ ጣት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ በላይ ከሆነ ጀልባ ነው የተከራየኸው።

ጫማውን አድርገህ አሥራ አምስት ደቂቃ ሱቁ ውስጥ ቆይ። ዙሪያውን እኩል የሚያቅፍ ጥበት ጤነኛ ነው፣ ገበሩም ሲሞቅ ይለቅልሃል። አንድ ነጥብ ላይ እንደ ምስማር የሚወጋ ከሆነ ግን አይለቅም፣ ሌላ ሞዴል ጠይቅ እንጂ ሌላ ቁጥር አትጠይቅ። ካልሲ አንድ ብቻ፣ ስስ፣ እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ፣ የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ክር። ጥጥ አይሆንም፣ ላብ ይዞ ይቀራል። ከውስጥ የለበስከው ጠባብ ሱሪ ጫማው ውስጥ እንዳይገባ፤ አንዲት እጥፋት እስከ ማታ ቁስል ትሆናለች።

ጫማው ጎን ላይ ከ60 እስከ 130 የሚል ቁጥር ካየህ የጥንካሬው ነው። ፋብሪካዎቹ አንድ ዓይነት መለኪያ ስለሌላቸው የአንዱ 90 የሌላው 80 ሊሆን ይችላል፣ ለጀማሪ ወንድ ግን ከ70 እስከ 90 ያለው በቂ ነው። የራስህን መግዛቱን በተመለከተ፣ በዓመት ከአንድ ሳምንት በላይ ተራራ ላይ ካሳለፍክ ግዛ። መጀመሪያ የሚገዛው ጫማ ነው፤ ስኪውን ዕድሜ ልክህን ብትከራይ ምንም አይቀርብህም። ማታ ማታ ገበሩን አውጥተህ አናፍሰው፣ ማሞቂያ ላይ ግን አትጣደው። መኪና ውስጥም አታሳድረው። የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ጠዋት እግር አላስገባ ብሎ ያስለቅስሃል።

ጥያቄ፦ ቅጹ ላይ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ ይላል። ጓደኞቼ ከኋላዬ ተሰልፈው እያነበቡ ኪሎዬን መጻፍ አልፈለግኩም፣ አሥር ኪሎ ቀነስኩ። ስኪው ሊሸከመኝ ነው እንዴ? ምን ያደርግላቸዋል? (ሚዛን የምትጠላው)

መልስ፦ ስቄያለሁ፣ ግን ቀጥዬ ደንግጫለሁ። እህቴ፣ ያ ቁጥር እግርሽ ይሰበር አይሰበር የሚወሰንበት ቁጥር ነው።

ጫማሽን ከስኪው ጋር አጥብቆ የሚይዘው ዕቃ ባይንዲንግ ይባላል። ሥራው ሁለት ነው፤ ስትነጂ አጥብቆ መያዝ፣ ስትወድቂ መልቀቅ። ድሮ አይለቅም ነበር። እግር ከስኪው ጋር በጠፍር ይታሰራል፣ ሰውየው ሲወድቅ ስኪው እንደ ረጅም ማንሻ እግሩን ይጠመዝዘዋል። ያልማር ቫም የሚባል ኖርዌይ የተወለደ አሜሪካዊ ስኪ ተወዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ1937 እግሩ እንዲህ ተሰብሮበት ነው ራሱን የሚፈታ ባይንዲንግ የሠራው። ሐሳቡ የመጣለት ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ነው ይባላል።

ዛሬ ባይንዲንጉ ላይ ትንሽ መስኮት አለች፣ ውስጧ ቁጥር ያለባት፣ ባለሙያዎቹ ዲን የሚሏት። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ቶሎ ይፈታል፣ ከፍ ካለ ይጠብቃል። ቁጥሩ የሚወጣው ከአምስት ነገር ነው፤ ከክብደትሽ፣ ከቁመትሽ፣ ከዕድሜሽ፣ ከጫማው ሶል ርዝመትና ከአነዳድሽ። ሶሉ በሚሊሜትር ተረከዙ አካባቢ ተቀርጿል፣ 305 የሚል ዓይነት ቁጥር ነው። ሠራተኛው እነዚህን ይዞ ሰንጠረዥ ላይ ይፈልጋል። አሥር ኪሎ ስትቀንሺ ባይንዲንጉ ቀላል ሰው የተሳፈረበት ይመስለዋል። ስለዚህ ሳትወድቂም ይፈታል፣ ፈጥነሽ ስትታጠፊ አንዱ ስኪ ጥሎሽ ይሄዳል። እሱም ራሱን የቻለ አወዳደቅ ነው።

ሌላው ውሸት ደግሞ ይከፋል፣ እሱን በራሴ አይቼዋለሁ። ቅጹ ላይ አነዳድሽን ከ1 እስከ 3 ምረጪ ይላል። 1 ቀስ ብሎ፣ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ የሚነዳ ነው። 3 በፍጥነት፣ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ የሚወርድ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ላለማነስ ብዬ 3 ላይ ምልክት አደረግኩ። አከራዩ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፣ ጻፈ፣ ጠመዘዘ፣ ሰጠኝ። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ነው። ደክሞኛል፣ በረዶው ረጥቦ ከብዷል፣ እኔ በእግሬ ከሚሄድ ሰው በማይሻል ፍጥነት ወደ ሊፍቱ፣ ሰው ወደ ተራራው ወደሚያወጣው የገመድ ወንበር፣ እየተጎተትኩ ነው። የቀኙ ስኪ ጫፍ እርጥቡ በረዶ ውስጥ ተሰነቀረ። እኔ ዞርኩ፣ ስኪው ቆመ። «አሁን ይፈታል» ብዬ ጠበቅኩ። አልተፈታም፤ ለኃይለኛ ሰው ነዋ የተጠመዘዘው! ጉልበቴ ውስጥ ጠሽ ያለ ነገር ሰማሁ። ስድስት ሳምንት በምርኩዝ ሄድኩ፣ ያውም ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ስላልተበጠሰ «ዕድለኛ» ተብዬ። ያ ጓደኛዬ 2 ላይ እንደነበር በኋላ ነገረኝ።

በትክክል የተስተካከለ ባይንዲንግም ሁሉንም አያድንም። የተሠራው በዋናነት የቅልጥም አጥንት እንዳይሰበር ነው፣ የጉልበት ጅማት ላይ ዋስትናው ደካማ ነው። ለዚህም ነው የራስን ውሸት ሲጨምሩበት የሚያስፈራው።

ስለዚህ ኪሎሽን በስልክሽ ጽፈሽ ለሠራተኛው አሳዪው፣ ወይም ቅጹን ኢንተርኔት ላይ ቤትሽ ሆነሽ ሙዪ፤ ማንም አያይሽም። ሌላም ልብ በይ፦ እኩለ ቀን ላይ ጫማ ብትቀይሪ ሶሉ ስለሚለያይ ስኪውም አብሮ መስተካከል አለበት። «ገባ እኮ» ብለሽ አትሂጂ። የጓደኛሽንም ስኪ «ለአንድ ዙር» ብለሽ ተውሰሽ አትንጂ።

ጥያቄ፦ ስኖውቦርድ ልከራይ ስል «ሬጉላር ነህ ጉፊ?» አሉኝ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ አፍሬ «ሬጉላር» አልኩ። እግሬ 46 ነው፣ ክብደቴ 92። ቦርዱ ሲታጠፍ ሲታጠፍ ይጥለኛል። የኔ ችግር ነው የቦርዱ? (ባለ ትልቁ እግር)

መልስ፦ የቦርዱ ይመስለኛል። ጣቶችህ ከቦርዱ ጠርዝ ወጥተው በረዶውን ይነካሉ። በጣትህ በኩል ባዘነበልክ ቁጥር የጫማህ አፍንጫ እንደ ፍሬን ይይዝና ይገለብጥሃል። ከ45 በላይ የሚያደርግ ሰው «ሰፊ ቦርድ ስጡኝ» ማለት አለበት። ጫማህን ባይንዲንጉ ላይ አስረህ ከጎን እየው፤ ከሁለቱም ወገን አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ቢወጣ ችግር የለም፣ ከዚያ ካለፈ መልሰው። ርዝመቱንም በቁመትህ ብቻ አትለካ። ስኖውቦርድ ላይ ከቁመት ይልቅ ክብደት ይወስናል፣ እያንዳንዱ ቦርድ የሚችለው የክብደት መጠን አለው። 92 ኪሎ ሆነህ የ70 ኪሎ ሰው ቦርድ ከያዝክ ይልመጠመጥብሃል።

ሬጉላር ማለት ግራ እግር ከፊት፣ ጉፊ ማለት ቀኝ እግር ከፊት ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቤትህ በካልሲ ለስላሳ ወለል ላይ ተንደርድረህ ተንሸራተት፣ ሳታስበው የቀደመው እግር እሱ ነው። ኳስ የምትመታበት እግር ሁልጊዜ አይናገርም። ለጀማሪ የፊተኛው ባይንዲንግ 15 ዲግሪ አካባቢ ወደ ፊት፣ የኋለኛው ቀጥ ብሎ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ዞሮ ቢታሰር ጥሩ ነው፣ በሁለቱ መካከል ያለውም ከትከሻህ ስፋት ትንሽ ይበልጥ።

የስኖውቦርድ ባይንዲንግ ሲወድቁ አይፈታም። ሁለቱ እግሮች አንድ ላይ ስለሚዞሩ ጉልበት ይድናል፣ ዋጋውን የሚከፍለው የእጅ አንጓ ነው። ጀማሪ ሲወድቅ መዳፉን ይዘረጋልና። የአንጓ መከላከያ ከተከራየህበት ቦታ ጠይቅ፣ እዚያ ካጣህ ግዛ፣ ርካሽ ነው። ስትወድቅም እጅህን ጨብጥ። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ሼርማን ፖፐን የሚባል አሜሪካዊ አባት ለልጆቹ መጫወቻ ይሆናል ብሎ ሁለት ስኪ ጎን ለጎን ካሰረ በኋላ ነው። ሰውየው እንኳን ስለ ኦሎምፒክ ሊያስብ፣ ልጆቹ ከቤት እንዲወጡለት ነበር የፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1998 ጃፓን፣ ናጋኖ ላይ ስኖውቦርድ ኦሎምፒክ ገባ።

ጥያቄ፦ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። ለወቅቱ በሙሉ ስለምከራይላቸው እንዲያድጉበት ጫማና ስኪውን አንድ አንድ ቁጥር ሰፋ ላድርገው? ሄልሜት ደግሞ የአጎታቸው ልጆች የተጠቀሙበት አለ፣ ይሆናል? (የሁለት ልጆች አባት)

መልስ፦ ለልብስ ይሁን፣ ለጫማ አይሁን። ልጅ ሰፊ ጫማ ሲያደርግ ስኪው የሚፈልገውን አይሰማም፣ ይወድቃል፣ ይበርደዋል፣ «አልወድም» ይላል፣ እናንተም ልጁ ሰነፍ ነው ትላላችሁ። የወቅት ኪራይ ጥሩው ነገር በመሐል ማስቀየር መቻሉ ነው፣ ከመፈረምህ በፊት «እግሩ ቢያድግ ትቀይሩልኛላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ስኪው ለጀማሪ ልጅ በደረቱና በአገጩ መካከል ቢደርስ ይበቃዋል። ለትንሹ ዱላ አትከራይ። እጁን ሥራ ያስፈታበታል፣ ወይም እህቱን ይወጋበታል።

ሄልሜቱን ተወው። አንድ ጊዜ ኃይለኛ ምት የቀመሰ ሄልሜት ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፣ ከውጭ ግን አዲስ ይመስላል፣ የአጎታቸው ልጆች ደግሞ ስንቴ እንደወደቁ አይነግሩህም። ተከራይላቸው። አገጭ ሥር ሳይታሰር ጭንቅላታቸውን ወዝውዙ በላቸው፤ ቆዳቸው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው፣ ሄልሜቱ ብቻ ከዞረ ሰፊ ነው። ከሥሩ ወፍራም ኮፍያ አታድርግላቸው።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው። ልጆቼ አብረሽን ነይ ይሉኛል። በዚህ ዕድሜ የሚከራይ ዕቃ አለ ወይስ ቁጭ ብዬ ሻይ ልጠጣ?

መልስ፦ እሜቴ፣ ሻዩን ከሰዓት ይጠጡታል። ዕድሜዎን ቅጹ ላይ በትክክል ይጻፉ፣ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ባይንዲንጉ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚስተካከለው፣ ሰንጠረዡ ራሱ ያዝዛል። «አጭርና ለስላሳ ስኪ፣ ለስላሳ ጫማ» ይበሏቸው። ልጆችዎ ሊያስተምሩዎት ይፈልጋሉ፤ አይስሟቸው፣ አስተማሪ ይያዙ። በልጅ መማር የሚያስከትለውን ጭቅጭቅ እርስዎም ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ምሳ በልቼ ስወጣ የተከራየሁት ስኪ የለም። በቦታው ሌላ ተመሳሳይ ስኪ ቆሟል። አከራዩ ሙሉ ዋጋ ክፈል አለኝ። እንዴት ይደረጋል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ሌባ አይደለም፣ እንዳንተው የተራበ ሰው ነው። የኪራይ ስኪዎች መንታ ናቸው። በቦታው የቀረውን ይዘህ ወደ አከራዩ ሂድ፣ ላዩ ላይ ባለው ቁጥር ማን እንደተከራየው ያገኙታል። ለወደፊቱ ገና ስትረከብ ቁጥሩን በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ የተቧጨረ ቦታ ካለም አብረህ አንሳ፣ ስትመልስ «አንተ ነህ» እንዳይሉህ። ምሳ ስትገባ አንዱን ስኪ እዚህ፣ ሌላውን ከጓደኛህ ስኪ ጋር አጣምረህ እዚያ አቁም። ማንም ሰው የማይገጥም ጥንድ አይወስድም። ስትከራይ ኢንሹራንስ ውሰድ ሲሉህም «ስርቆትን ይጨምራል?» ብለህ ጠይቅ። ስብራትን ብቻ የሚሸፍኑ አሉ። ከሱቁ ሳትወጣም የብረት ጠርዙን በጥፍርህ ዳሰስ አድርግ፤ ዝጎ ወይም ዶልዱሞ ከሆነ፣ ሥሩም ሰም አጥቶ ነጣ ነጣ ካለ፣ ሌላ ይስጡህ።

ጥያቄ፦ ጫማውን አድርጌ መራመድ አቃተኝ፣ ስኪውም ላይ ስወጣ አልገባ አለኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም። እስክትደርሺ የላዩን ዘለበቶች ፈታ አድርጊ፣ ተረከዝሽን እያስቀደምሽ እርገጪ። ስኪውን ከቁልቁለቱ አግድም አስቀምጪ። የታችኛው እግር ይቅደም፣ እሱ ሲይዝልሽ የላይኛው ይቀልሻል። ከጫማሽ ሥር የተጋገረውን በረዶ በዱላሽ ጫፍ ፋቂ፣ አልገባ ያለሽ በእሱ ነው። አፍንጫውን አስገቢ፣ ከዚያ ተረከዝሽን ተጫኚ፣ ቀጭ እስኪል።